አሮጌዋ ኮምቢና የእናት ደብተር

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳ አያያዝና ስለ ቤት ወጪ ብዙ ጊዜ ተወያይተናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን በብዙ ቤት «የወንዶች ነገር» እየተባለ ከእናቶች ጆሮ የሚርቅ ነው፤ ይኸውም ለረጅም ዘመን በጥንቃቄ የተያዘ የቤተሰብ መኪና ሽያጭ ነው። መኪና የሌላት አንባቢያችን «ይህ እኔን አይመለከተኝም» ብላ ገጹን እንዳትገልጠው አደራ እንላለን። ዛሬ በመኪና ላይ የተነሣው ጥያቄ ነገ በልብስ ስፌት መኪና፣ በማቀዝቀዣ ወይም በመኖሪያ ቤት ላይ ይነሣልና።

ጉዳዩን እንድናነሣ ምክንያት የሆኑን በጉለሌ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት የ68 ዓመት እናት ናቸው። በልብስ ስፌት ፋብሪካ 31 ዓመት ሠርተው በጡረታ የተገለሉ፣ አራት ልጆች አሳድገው ለቁም ነገር ያበቁ ሴት ናቸው። ስማቸው በጋዜጣ እንዲወጣ ስላልፈቀዱ በዚህ ጽሑፍ «እናታችን» እያልን እንጠራቸዋለን።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እናታችን ቡና ሲቆሉ የግቢው በር ተንኳኳ። ሲከፍቱ አንድ የማያውቁት ጎልማሳ ቆሟል። ሰላምታ ከሰጠ በኋላ «እማማ፣ ኮምቢዋን ከጋሼ ላይ ገዝቼ ቀብድ ከፍያለሁ። ዛሬ መካኒክ ይዤ የመጣሁት ሞተሯን ለማሳየት ነው። ቁልፉ ቤት ይኖር ይሆን?» ሲል ጠየቃቸው።

እናታችን ለጊዜው የሚመልሱት ቃል አጡ። «ባለቤቴ ሲመጡ ተመለስ፣ ልጄ» ብለው ሸኙት። ወደ ምድጃው ሲመለሱ ቡናው አሮ ነበር።

ኮምቢዋ ከየት መጣች?

ነገሩን ለመረዳት በቅድሚያ ስለ መኪናዋ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ኮምቢ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ «ቮልስ» እያልን ለምንጠራት ትንሽ መኪና እኅት ናት፤ ሁለቱም የቮልስዋገን ሥራ ናቸው። የዚችን መኪና የመጀመሪያ ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1947 በማስታወሻ ደብተሩ ላይ የሣለው ቤን ፖን የተባለ የኔዘርላንድስ መኪና አስመጪ ነበር። ምርቱ እ.ኤ.አ. በ1950 በጀርመን ከተማ በቮልፍስቡርግ ተጀመረ፤ በ1956 ደግሞ ወደ ሃኖቨር ተዛወረ። «ኮምቢ» የሚለው ስም ሰውንም ዕቃንም አጣምሮ የሚጭን መኪና ማለት ከሆነ አንድ ረጅም የጀርመንኛ ቃል ያጠረ ነው። ከ1951 ጀምሮ ዌስትፋልያ የተባለ የጀርመን ድርጅት ውስጧን በአልጋ፣ በቁም ሣጥንና በጠረጴዛ እያደራጀ የመንገደኛ ቤት አደረጋት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹም አሜሪካ ውስጥ ወጣቶች ቫን እየገዙ ውስጡን በምንጣፍና በአልጋ፣ ውጭውን በሥዕል ማስጌጥ ትልቅ ልማድ ሆኖ ነበር።

ጀርመን ውስጥ የሁለተኛው ትውልድ ኮምቢ ምርት እ.ኤ.አ. በ1979 አበቃ። በብራዚል ግን እስከ 2013 መጨረሻ ድረስ ሲመረት ቆይቷል። እንግዲህ ዛሬ ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በአየር የሚቀዘቅዝ ኮምቢ ከፋብሪካ አትወጣም። በዓለም ላይ ያሉት ሰው በእጁ ጠብቆ ያቆያቸው ብቻ ናቸው። ዋጋቸው ከዘመን ወደ ዘመን እየጨመረ የሄደውም ስለዚህ ነው።

እናታችንና ባለቤታቸው ኮምቢዋን የገዙት በ1974 ዓ.ም. ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር መምህር ነው። መኪናዋ የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1972 ስለነበር ያን ጊዜ ዐሥር ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር። ዋጋዋ 6,000 ብር ነበር። ባለቤታቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩና ካጠራቀሙት 3,500 ብር አወጡ። የቀረውን 2,500 ብር የሸፈነው እናታችን ከፋብሪካ ጓደኞቻቸው ጋር የገቡት ዕቁብ ነበር። ሊብሬው ግን በባለቤታቸው ስም ብቻ ወጣ። «ያን ጊዜ ማን ስለ ስም ያስባል? ቤታችን ገባች፣ በቃ» ይላሉ እናታችን።

መኪናዋ ስትገዛ ከጋቢናው በስተኋላ ባዶ ነበረች። አንድ ወዳጃቸው የሆነ አናጢ ከዋንዛ እንጨት ሲዘረጋ አልጋ፣ ሲታጠፍ መቀመጫ የሚሆን ሠራላቸው፤ ከጎኑም ለምድጃና ለሰሐን የሚሆን ትንሽ ሣጥን አቆመ። መጋረጃዎቹን እናታችን በቁራጭ ዋጋ ከፋብሪካ በገዙት ጨርቅ ራሳቸው ሰፉ። ላይዋ ነጭ፣ ታችዋ ሰማያዊ የሆነውን ቀለሟን ግን አልነኩትም። ኮምቢዋ ልጆቹን ወደ ሶደሬና ወደ ላንጋኖ ወሰደች፤ የእድሩን ድንኳንና ድስት አመላለሰች፤ ለጎረቤት ሠርግ ሙሽራ ጫነች። በ1977 ዓ.ም. በሰዓት እላፊ ሌሊት፣ ነጭ ነጠላ በመስኮት እየተውለበለበ፣ እናታችንን ምጥ ላይ እያሉ ሐኪም ቤት ያደረሰቻቸው እርሷ ናት። ሦስተኛ ልጃቸው የተወለደው ጎህ ሲቀድ ነው።

የደብተሩ ነገር

እናታችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የቤታቸውን ወጪ በደብተር ይጽፋሉ። የጤፉ ዋጋ፣ የልጆች ክትባት፣ የዕቁብ ዕጣ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሁሉም በየቀኑ ይሰፍራል። ኮምቢዋም የቤቱ አባል ስለሆነች ከእነርሱ ጋር ተጽፋለች። ለምሳሌ አንደኛው ደብተር ውስጥ «ግንቦት 12 ቀን 1979፤ ኮምቢ ዘይት ተቀየረላት፤ 2 ሊትር ተኩል፤ ካንዴላ 4» የሚል ይነበባል። ከሥሩ የሚቀጥለው መስመር «ለሕፃኑ የሳል መድኃኒት» ይላል።

ጽሕፈቱ ብቻ አልነበረም። የመኪና ጠላት ዝገት መሆኑን ከመካኒኩ የሰሙት እናታችን ከክረምት ጉዞ በኋላ ከጎማዎቹ በላይ የተለጠፈውን ጭቃ በውኃ ያስለቅቁ ነበር። መስከረም ሲጠባ በሮቹን ከፍተው ምንጣፉንና መጋረጃውን ፀሐይ ያስመታሉ። በላስቲክ ሸፍነዋት አያውቁም፤ ላስቲክ እርጥበትን አፍኖ ይይዛልና በአሮጌ አቡጀዲ ይሸፍኗት ነበር። ባለቤታቸው ነጂ ነበሩ፤ መኪናዋን ያቆየው ግን የሁለቱ እጅ ነው። እንዲያውም እናታችን ሳቅ እያሉ «እርሱ ይነዳታል፣ እኔ አሳድጋታለሁ እንባባል ነበር» ብለውናል።

እንዲህ ያለች መኪና ናት እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተሽጣ የተገኘችው።

በአራተኛው ቀን የተነገረው

እናታችን ሦስት ቀን ዝም አሉ። ምሳ ያቀርባሉ፣ ቡና ያፈላሉ፣ ነገር ግን አይናገሩም። ባለቤታቸውም ነገሩ መታወቁን ስለተረዱ አንገታቸውን ደፍተው ይበላሉ። በአራተኛው ቀን ማታ እናታችን ደብተሮቹን ከሣጥን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። «እስቲ ከነዚህ ውስጥ የእኔ ያልሆነችውን ኮምቢ አሳየኝ» አሉ።

ባለቤታቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ ያልተጠበቀ ነገር ተናገሩ። «ዓይኔ ከዳኝ» አሉ። «ማታ የሚመጣው መኪና መብራት ሁሉ ይበተንብኛል። ባለፈው ሐምሌ አንድ ተማሪ አስፋልት ሲሻገር ያየሁት አጠገቡ ከደረስኩ በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁልፉን ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። አንቺን ላስጨንቅሽ አልፈለግሁም፤ ቶሎ ሸጬ ልገላገል ብዬ ነው።»

እናታችን ይህን ሲሰሙ ቁጣቸው ወደ ሐዘን ተለወጠ። ይሁን እንጂ የሚገባቸውን ከመናገር ወደኋላ አላሉም። «የዓይንህን ነገር ብትነግረኝ ነገ ሐኪም ቤት እንሄድ ነበር። ኮምቢዋን ለመሸጥም ብታማክረኝ እሺ እልህ ነበር። የከፋኝ መሸጧ አይደለም፤ የራሴን ቤት ወሬ ከበር ላይ ከባዕድ መስማቴ ነው» አሏቸው።

ውድ አንባቢዎቻችን፤ ብዙ ጊዜ በባልና ሚስት መካከል ያለ ምክክር የሚደረግ ሽያጭ በክፋት ብቻ የሚመጣ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። አንዳንዱ ባል ድካሙን ለመደበቅ፣ አንዳንዱም ሚስቱን ከጭንቀት ለማዳን ሲል ብቻውን ይወስናል። ምክንያቱ ፍቅር ቢሆንም እንኳ ውጤቱ ሚስትን ከራሷ ንብረት እንግዳ ያደርጋታል። ብቻውን የወሰነ ሰው ደግሞ ብቻውን ይታለላል። በእርግጥም ባለቤታቸው ከደላላው ጋር የተስማሙበት ዋጋ 400,000 ብር ነበር። መካኒክ አላማከሩም፣ ሌላ ገዢ አልጠየቁም። በአንድ ሻይ ቤት ውስጥ በእጅ በተጻፈ ወረቀት ላይ ፈርመው 30,000 ብር ቀብድ ተቀብለዋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ደላላው ውሉ ሊፈርስ መሆኑን ሲሰማ «ቀብዴን በእጥፍ፣ 60,000 ብር አምጡ» አለ። እርግጥ ነው፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ የሚለው አለ። በውሉ ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ መቀበል ቀላል ነገር አይደለም። «ለጊዜው ያዝልኝ» ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ነገ በእጥፍ ሊጠየቅ ይችላል።

ነገር ግን ሌላ ሕግም አለ። ይህን ያስታወሱት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ለብዙ ዓመት የሠሩ አንድ ጎረቤታቸው ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆንም እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የጋራ ሆኖ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። በአንቀጽ 68 ደግሞ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት የሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት እንደሚያስፈልግ ያዛል። 500 ብር ዛሬ ምን እንደምትገዛ እናቶች ከማንም በላይ ያውቃሉ። በመሆኑም መኪና ቀርቶ በቤታችን ካሉት ዕቃዎች ብዙዎቹ ከዚህ ድንጋጌ ሥር ይገባሉ ማለት ነው።

ያለ አንደኛው ፈቃድ ሽያጭ ቢፈጸምስ? ያልተስማማው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስለት ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። ግን ጊዜ አለው። ውሉ መደረጉን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ያም ሆነ ይህ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ሳያልፍ መጠየቅ አለበት። «እያደር ይታያል» ብላ ዝም ያለች ሴት መብቷን በዝምታዋ ልታጣ ትችላለች። ይህ ሕግ ባልንም ይጠብቃል፤ ሚስትም ብቻዋን የጋራ ንብረት መሸጥ አይገባትምና።

ነገሩ ፍርድ ቤት አልደረሰም። የእድሩ ሽማግሌዎች ሁለቱንም ወገን አስቀርበው አነጋገሩ። ደላላው ሚስት ያልፈረመችበት ሽያጭ በውልና ማስረጃ እንደማያልፍለት ራሱም ያውቅ ነበርና ጠንክሮ አልተከራከረም። 30,000 ብሩ ተመለሰለት፤ ለመካኒክና ለምልልስ ላወጣው ተብሎ 5,000 ብር ተጨመረለት። እጅ ተጨባብጠው ተለያዩ። እናታችን ስለ 5,000 ብሩ ሲናገሩ «ያለመመካከር ቀረጥ ናት» ይሏታል።

ለሽያጭ ማዘጋጀት

ከዚህ በኋላ ባልና ሚስቱ ቁጭ ብለው መከሩ። ኮምቢዋ መሸጧ አልቀረም፤ የባለቤታቸው ዓይን መታከም፣ የቤቱም ጣሪያ መታደስ ነበረበት። ልዩነቱ አሁን የሚሸጧት አብረው መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ያደረጉት ቮልስ በመጠገን የታወቀ መካኒክ ዘንድ መውሰድ ነበር። መካኒኩ የሻንሲ ቁጥሯንና የሞተር ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር አመሳከረ። እንዲህ ባሉ ኮምቢዎች ውስጥ ከፊት መቀመጫ በስተኋላ ቁጥሮች የተቀረጹባት ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች። መኪናዋ መቼ እንደተሠራች፣ ስትወጣ ምን ቀለም እንደነበራት የሚታወቀው ከእርሷ ነው። የእናታችን ኮምቢ ሰሌዳ ከነብሎኑ በቦታው ነበር። ነጭና ሰማያዊው ቀለም የፋብሪካው መሆኑም በዚያ ተረጋገጠ።

ቀጥሎ ጉድለቶቿ ተፈለጉ። በዕድሜ የገፋች ኮምቢ ብዙ ጊዜ የምትዝገው ከፊት መስተዋቱ ጎማ ሥር፣ ከበሮቹ ግርጌ፣ ከጎማዎቹ በላይ፣ ክሪክ በሚገባበት ቦታና ከባትሪው ሥር ነው። ማግኔት በላሜራው ላይ ሲያልፍ የማይዝበት ቦታ ካለ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ሊኖር ይችላል። በእናታችን ኮምቢ ላይ ከባትሪው ሥር የእጅ መዳፍ የምታህል ዝገት ብቻ ተገኘች። ከሁሉ ይልቅ መካኒኩን ያሳሰበው የቤንዚን ጎማዎቹ መሰነጣጠቅ ነበር። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ፣ ከተሰነጠቀ ጎማ የሚንጠባጠብ ቤንዚን የጋለ ሞተር ላይ ወርዶ መኪናውን በሙሉ ሊያቃጥል ይችላል። ስለሆነም ጎማዎቹና የሚያፈሰው የፍሬን ፓምፕ ወዲያው ተቀየሩ። እነዚህ ዕቃዎች ለሰው ሕይወት የሚያስፈልጉ ናቸውና ይሸጥም አይሸጥም መቆጠብ አይገባም።

አንደኛው አማች «ሙሉ ቀለም ብትቀባ ዋጋዋ ይጨምራል» የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። መካኒኩ ግን አልተቀበለውም። አሮጌ መኪና የሚያውቅ ገዢ የጥንቱን ቀለም ከነጭረቱ ይመርጣል፤ አዲስ ቀለም ሲያይ ከሥሩ ምን ተደብቋል ብሎ ይጠራጠራል። ማጠብ፣ መወልወል፣ መጋረጃውን ማጠብና የተሰበረውን የሣጥን ማጠፊያ ማስተካከል በቂ ነው አላቸው። እናታችንም ይህን ሥራ በሁለት ቀን ጨረሱት።

ዋጋውንስ እንዴት ወሰኑ? ለአንድ ሰው ቃል አልተገዙም። መካኒኩን፣ ሌላ የኮምቢ ባለቤትንና መኪና በመሸጥ የሚተዳደር አንድ ዘመድ ለየብቻ ጠየቁ። ልጃቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ አንዲት የ1963 ኮምቢ በጨረታ ከ200,000 ዶላር በላይ መሸጧን አንብቦ መጥቶ ነበር። እናታችን ግን በዚህ አልተታለሉም። ያች ባለብዙ መስኮትና እንደ አዲስ የታደሰች፣ ገዢዎቿም ባለጸጎች ናቸው። «የሰው አገር ገበያ የእኛን ቤት ኪራይ አይከፍልም» አሉ። በሌላ በኩል በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ አገር ውስጥ ያለና የሚሠራ መኪና በቀላሉ የሚጣል ንብረት እንዳልሆነ ተረዱ። ስለዚህ የጠየቋቸውን የሦስቱን ሰዎች ግምት አነጻጽረው ከ600,000 ብር በታች ላለመሸጥ ተስማሙ።

ገዢው የጠየቀው

ከአራት ወር በኋላ አሮጌ መኪኖች እያደሰ ለሠርግ የሚያከራይ አንድ ወጣት መጣ። ኮምቢዋን ዞረ፣ ጎንበስ ብሎ ሥሯን አየ፣ ሞተሯን አስነሥቶ አዳመጠ። ከዚያም «ከዚህ በፊት ምን ምን ተደርጎላታል? የተጻፈ ነገር አለ?» ሲል ጠየቀ። ባለቤታቸው ወደ እናታችን ዞር አሉ። እናታችን ደብተሮቹን አመጡ።

ወጣቱ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሲያነብ ቆየ። ዘይት መቼ መቼ እንደተቀየረ፣ ቫልቭ መቼ እንደተስተካከለ፣ ፍሪሲዮን በስንት ዓ.ም. እንደታደሰ በሙሉ አገኘው። ከባትሪው ሥር ያለችውን ዝገትም እናታችን ሳይጠየቁ አሳዩት። መጀመሪያ 580,000 ብር ብሎ የነበረው ገዢ ደብተሩን ካየ በኋላ 640,000 ብር ለመክፈል ተስማማ። አንድ ነገር ግን አጥብቆ ጠየቀ፤ ደብተሮቹ ከመኪናዋ ጋር እንዲሰጡት።

እናታችን እዚህ ላይ እንቢ አሉ። ደብተሮቹ ውስጥ የልጆቻቸው ክትባት አለ፤ የእናታቸው የቀብር ወጪ አለ፤ በችግር ጊዜ ከማን ምን ያህል እንደተበደሩ አለ። ይህ ለገበያ የሚወጣ ነገር አይደለም። መፍትሔው የተገኘው ከልጅ ልጃቸው ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጅ ኮምቢዋን የሚመለከተውን መስመር ሁሉ ከየደብተሩ እየለቀመች ወደ አንድ አዲስ ደብተር ገለበጠችው። ሥራው ሁለት ሳምንት ፈጀ። አያት ያነባሉ፣ ልጅ ትጽፋለች። የገጹን ታሪክ ስትጠይቅ ያወሩላታል። እናታችን እንደነገሩን የልጅ ልጃቸው ስለ ቤታቸው በሁለቱ ሳምንት ያወቀችውን በዐሥራ አምስት ዓመቷ ሁሉ አላወቀችም ነበር።

ውሉ የተፈረመው በውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት ነው። ሠራተኛዋ የሁለቱንም መታወቂያና የጋብቻ ማስረጃቸውን ተቀብላ ካየች በኋላ እናታችንን «በሽያጩ ተስማምተዋል?» ስትል ጠየቀቻቸው። «አዎን፣ ተስማምቻለሁ» አሉና ፈረሙ። ከአርባ ዓመት በላይ ባሳደጓት መኪና ወረቀት ላይ ስማቸው ሲሰፍር የመጀመሪያው ነበር።

ከዚህ ምን እንማራለን?

መኪናም ሆነ ሌላ የቤት ንብረት ለመሸጥ ለሚያስቡ አንባቢዎቻችን ከዚህ ታሪክ የሚከተሉትን ማስታወስ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ከገዢ ጋር ከመነጋገር በፊት ባልና ሚስት ይነጋገሩ። ለምን እንደሚሸጥ፣ ከስንት በታች እንደማይሸጥና ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ተስማምተው ይጨርሱ። ይህ ካልሆነ ደላላ በመካከላቸው ይገባል።

ሁለተኛ፣ ቀብድ ከመቀበል በፊት ዋጋው ከአንድ በላይ በሆኑ አዋቂዎች ይገመት። ከደላላ ጋር የሚደረግ የኮሚሽን ስምምነትም አስቀድሞ ይለይ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላልና ማንም የማያውቀውን ወረቀት አይፈርም።

ሦስተኛ፣ የመኪናው ጉድለት አይደበቅ። የታወቀው ጉድለት በውሉ ላይ ቢጻፍ ሻጩን ከነገ ክርክር ያድነዋል።

አራተኛ፣ ገንዘቡ በባንክ ይከፈል። ቁልፉና ሊብሬው የሚሰጡት ገንዘቡ መግባቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

አምስተኛ፣ የስም ዝውውሩ እስኪያልቅ ድረስ መከታተል ያስፈልጋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ይጠየቃል። መኪናውን ሸጦ ስሙን በሊብሬው ላይ የተወ ሰው ነገ በሌላ ሰው አነዳድ ፍርድ ቤት ሊጠራ ይችላል።

ስድስተኛ፣ ከተጋቢዎቹ አንደኛው በውጭ አገር የሚኖር ከሆነ በዚያ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ የተረጋገጠ ውክልና መላክ ይቻላል። ውክልናው ግን መኪናውን ለመሸጥ ሥልጣን የሚሰጥ መሆኑ በግልጽ ይጻፍበት።

ሰባተኛና ዋነኛው፣ ደብተር ይያዝ። እናቶች በየቤቱ የሚሠሩት የማጠብ፣ የማድረቅ፣ የመስፋትና የመቆጠብ ሥራ ካልተጻፈ አይታይም፤ ካልታየም በገበያ ላይ አይቆጠርም። የእናታችን ደብተር ግን 580,000 ብር የነበረውን 640,000 ብር ሲያደርገው አይተናል። ሌላ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለንም።

ለመሆኑ ገንዘቡ ምን ሆነ ትሉ ይሆናል። ባለቤታቸው የዓይን ሞራ መሆኑ ታውቆ በመጀመሪያ ቀኝ ዓይናቸው፣ ቆይቶም ግራው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። አሁን ጋዜጣ ያነባሉ። መኪና ግን ለመንዳት አይፈልጉም፤ ሁለቱም ወደ መርካቶ በአውቶቡስ ይሄዳሉ። የጣሪያው ቆርቆሮ ተቀይሯል። የተረፈው በሁለቱም ስም በተከፈተ የባንክ ደብተር ተቀምጧል።

ልንሰናበታቸው ስንነሣ እናታችን የዘንድሮውን ደብተራቸውን አሳዩን። ከየካቲት ወር ገጾች በአንዱ ላይ «ኮምቢ ተሸጠች፤ 640,000፤ ሁለታችንም ፈረምን» የሚል ተጽፏል። ከሥሩ ያለው መስመር «ሽሮ 2 ኪሎ» ይላል።

አንባቢዎቻችን በዚህ ርዕስ ላይ ያላችሁን አስተያየትና የራሳችሁን ገጠመኝ ብትጽፉልን በደስታ እንቀበላለን። ዛሬ ማታ ግን በቅድሚያ በየቤታችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ የቤታችን ንብረት ወረቀት የት ነው ያለው? በማንስ ስም ነው?